የእትዬ ዘይነባ ጉልበትና የኔ ፊደሎች

ዛሬ የባሌ አባት ከቴፒ ድረስ መጥተው ሲገቡ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ከመስደባችሁ በፊት ስሙኝማ!

እኔና ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ እሁድ እሁድ በረንዳ ላይ የፊደል ጨዋታ እንጫወታለን። ከካርቶን ከቆረጥናቸው ፊደሎች ሰባት ሰባት አንስተን ቃል እንመሠርታለን። የተሸነፈች ለአሸናፊዋ የሳምንት ቡናዋን ትለቅምላታለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለቀምኩት እኔ ነኝ!

በረንዳችን ሰው አያጣም። ሰው በመጣ ቁጥር እኔ ብድግ እላለሁ። እሳቸው «ጉልበቴን ያመኛል፣ ይቅርታ» ብለው ይቀመጡና ፊደሎቼን ያነባሉ። ስመለስ ቃል ላስገባበት ያሰብኩትን ቦታ ዘግተውታል።

ዛሬ ግን ለማሸነፍ አንድ ቃል ቀርቶኛል። ኮቴ ስሰማ ፊደሎቼን በሁለት እጄ ሸፍኜ፣ ቀና እንኳ ሳልል «ኖር!» አልኩ። ቁጭ ብዬ!

ቀና ስል አማቴ ናቸው።

ማን ተነስቶ ቢቀበላቸው ጥሩ ነው? እትዬ ዘይነባ! ያውም ደረጃውን ወርደው፣ ሻንጣቸውን ተቀብለው፣ «የዛሬ ልጆች እኮ…» እያሉ።

ጨዋታውን አሸነፍኩ። ቡናውን ግን አሁንም እየለቀምኩ ያለሁት እኔ ነኝ። አማቴ ፊት እንዴት እምቢ ልበል? የእትዬ ጉልበት እንደገና ተነስቶባቸዋል። ቡና የሚለቀመው በእጅ አይደለም እንዴ?

እናንተስ እንዲህ ሰዓቱን አይቶ የሚነሳ ሕመም ካለበት ሰው ጋር ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ?