የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

በትልቁ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ ብቻዋን የምታጥፍ ሴት የለችም። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን፤ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ተቀራርበው እጅ ለእጅ ይገጥሙታል። ማን ከማን ጋር እንደሚያጥፍ የሚያዝ የለም። አንሶላ ያነሳች ሴት ቀና ስትል፣ ቅርቧ ያለችው ሌላውን ጫፍ ትይዝላታለች። ደንቡ ይኸው ነው።

ጭምት እዚህ ቤት የገባችው ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ሕፃን ልጇን ለጎረቤት እየተወች ነው። ጭምት የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ “አፏን የምትከፍተው ለምግብ ብቻ ነው” እያሉ። የመጀመሪያ ቀን አንሶላ አንስታ የምታደርገው ጠፍቷት ስትቆም፣ ሌላውን ጫፍ ብድግ ያደረገችላት እትዬ እንፋሎት ነበረች። እሷም በዚህ ስም የተጠራችው ድሮ የውሃ ማሞቂያው ላይ ትሠራ ስለነበር ነው።

“ወጥሪው እንጂ፣ ልጄ! አንሶላ እንደ ባል ነው፤ ከለቀቁት ይጨማደዳል።”

ጭምት ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ያሳየችው ያን ቀን ነው። ልጇ አድጋ ራሷን ቻለች፤ የሁለቱ ጓደኝነት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም።

ከዚያ በሴቶቹ እጅ ላይ ማሳከክ መጣ። መጀመሪያ በጣቶች መሐል፣ ቆይቶም እስከ ክንድ። ብርዱ ነው ተባለ፣ አዲሱ ሳሙና ነው ተባለ፣ አንዷ ትላንት ያለችውን ዛሬ ትተወዋለች። በበሩ አጠገብ ቆሻሻውን ልብስ የሚለዩት ሦስቱ ሴቶች ብቻ አንድ ነገር አሉ።

“እኔ ክፉ አልናገርም” አለች ከሦስቱ ታላቂቱ። “ብቻ እንፋሎት የነካችውን የነካ ነው የሚያከው።”

“እንግዲያው ባሌም ነክቷታል ማለት ነዋ!” አለች ሳቂታ የምትባለው ልብስ ተኳሽ። “ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሦስቱ አልተቆጡም። ልብሳቸውን መለየት ቀጠሉ። ጭምትን ደስ ያላላት ይህ ነው፤ የተሳቀበት ሰው ወይ ይቆጣል ወይ ያፍራል፣ እነዚህ ግን ሁለቱንም አላደረጉም።

በማግስቱ በዚያው ድምፅ ያንኑ ቃል ደገሙት። በሌላ ነገር ሁሉ ሲነታረኩ የሚውሉት ሦስት ሴቶች በዚህ ላይ አንድም ቀን አልተለያዩም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሳምንታት አለፉ፤ አንድ ጠዋት ታላቂቱ ያንኑ ስትል ሳቂታ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልወጣም። የገዛ እጇን እያየች ነበር።

ከዚያ ወዲህ እትዬ እንፋሎት አንሶላ ስታነሳ አጠገቧ ያለችው የጫማዋን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ትላለች። ሌላዋ ሽንት ቤት ትሄዳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ ምንም አልሰማችም።

“ምነው፣ ዛሬ የሁሉም ጫማ ነው እንዴ የተፈታው?” ብላ ትቀልዳለች።

ጭምት ካለችበት ሮጣ መጥታ ጫፉን ትይዝላታለች። ግን ቤቷ ስትገባ እጇን ሁለት ጊዜ መታጠብ ጀምራ ነበር። አንድ ማታ ይህን እያደረገች መሆኑን አስተዋለችና ደነገጠች። በልቧ የሦስቱን ወሬ አላመነችም፤ እጇ ግን አምኖ ነበር።

በማግስቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ታላቂቱ ቀስ ብላ ተጠጋቻት። “አንቺ አንድም ቀን ተቃውመሽን አታውቂም። ከእኛ ጋር እንደሆንሽ ቆጥረንሻል፣ እህቴ።”

ጭምት “አይደለሁም” ልትል ፈለገች። ጫፉን መያዝ ብቻ እንደሚበቃ ይመስላት ነበር እኮ። ሴትየዋ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት ሄደች።

የዚያን ሳምንት ኃላፊው ሴቶቹን ሰበሰበ። እትዬ እንፋሎት መሐል ቆማ ፊታቸውን አንድ በአንድ ታያለች። ሁሉም ወለሉን ያያል።

“እሷ ካለች አንሠራም ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ያልተስማማ አለ?”

“እኔ” አለች ጭምት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። “ያሳከከን ይህ አዲሱ የሳሙና ዱቄት ከመጣ ወዲህ ነው። እትዬ አይደለችም።”

“አንድ ሰው ነሽ” አላት ኃላፊው፤ እትዬ እንፋሎትንም አሰናበታት።

ሳሙናው ለመሆኑ ምለሽ ተናገሪ ቢሏት አትምልም ነበር። እትዬ አለመሆኗን ግን ታውቃለች። እትዬ እንፋሎት ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ጭምትን ብቻ አየቻት። “እንዳትለቂው” አለቻት።

እሷ ሄደች፤ ማሳከኩ አልሄደም። ሦስቱ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ጀመሩ፤ “እኛ ክፉ አንናገርም። ብቻ እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር ታጥፍ የነበረችው ማን ናት?”

ዓይን ሁሉ ዞረ። ጭምት አንሶላ አንስታ ቀና ስትል አጠገቧ ማንም የለም። ብቻዋን ስታጥፍ ጫፉ ወለሉን ይጠርጋል፣ ይቆሽሻል፣ ተመልሶ ይታጠባል። ኃላፊው ይህን አየና “አንድ አንሶላ ደግመሽ ብታቆሽሺ ጓደኛሽን ትከተያለሽ” አላት። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ፣ ያንኑ ቃል ትላለች፤ “ያሳከከን አዲሱ ሳሙና ነው። እትዬ ትመለስ።” ይህን አነጋገር ከሦስቱ ነው የተማረችው፤ ከእነሱ መማሯን ስታስበው ይቀፋታል።

አንድ ጠዋት ቃሏን ብላ ጨርሳ አንሶላ አነሳች። ማንም አልቀረበም። ክንዷ እየዛለ ጫፉ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ወረደ። ሊነካ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው፣ ከወዲያ በኩል ተወጠረ።

ሳቂታ ነበረች። በእጇ ጀርባ ላይ ቀዩ ሽፍታ ያው እንዳለ ነው።

“ያቺ ሴት ከሄደች ወዲህ አልነካኋትም” አለች በሹክሹክታ። “አሁንም ያሳክከኛል። ወጥሪው በይ፣ እያዩን ነው።”

እያዩአቸው ነበር። በበሩ በኩል ሦስቱ ሴቶች ልብስ መለየታቸውን አቁመው፣ እጃቸውን ወደ ታች ጥለው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሦስቱ ያኔ ሲጀምሩ ቤቱ ሁሉ ስቆባቸው ነበር። በጭምትና በሳቂታ ላይ ግን አንድም የሳቀ ሰው አልነበረም።