ወፍ ያልነገረችው ምስክር

በየነን በኬራንዮ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ የሚያጫውተው ግን ከአንድ ሰው በቀር አልነበረም። መምህር ነው። መምህር ሲያልፍ ኮፍያ ይነሳለታል እንጂ ጠላ ቤት ና ተብሎ አይጠራም። ዘመዶቹ ወዲያ ሰላሌ ናቸው። የወይዘሮ ወለተጻድቅን የጓሮ ክፍል ተከራይቶ፣ ሸሚዙን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ እያጠበ፣ ሽሮውን በላምባ ምድጃ ራሱ እየሠራ፣ ያነበበውን ጮክ ብሎ ለራሱ እያወራ ይኖራል። ጎረቤቶቹ ድምፁን በሰሙ ቁጥር፣ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ከግድግዳው ጋር ተጣላ» ይላሉ። ከግድግዳው ጋር አልነበረም። ከእንግሊዞች ጋር ነበር።

የሚያስተምረው ታሪክ ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል፣ በአብዛኛው የእንግሊዝን። የጢሰኛ ልጅ የአባቱን መሬት ማን እንደወሰደው የሚነግረው አንድ ገጽ እንኳ ሳይኖር፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ስንት ሚስት እንዳገባ በቃሉ እንዲወጣው ይገረፍ ነበር። ዘመኑ እንዲህ ነበር። በየነ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይወዳል፤ ንጉሥ ቻርልስና ፓርላማው የተዋጉበትን። ዳይሬክተሩ ደግሞ በተለይ ያንን ምዕራፍ ይፈራል።

«ጦርነቱን አስተምር። የንጉሡን አንገት ግን ዝለለው፤ ፈተና ላይ አይመጣም» አለው።

«ጦርነቱ በምን አለቀ ቢሉኝስ?»

«በሰላም አለቀ በላቸው።»

በየነ አልዘለለም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የተሰቀለውን የጃንሆይን ሥዕል ላለማየት እየሞከረ አስተማረ። ያሸነፈው ጦር የበላይ አዛዥ ፌርፋክስ የሚባል ዝምተኛ መኳንንት እንደነበር ነገራቸው። ከፌርፋክስ ሥር ክሮምዌል አለ፤ መካከለኛ ባላባት፣ በፈረሰኛነት የገነነ፣ ጸሎት የሚያበዛ። ከጸሎቱ በተነሳ ቁጥር ግን እግዜር ራሱ ክሮምዌል የፈለገውን ፈልጎ ይገኛል። በንጉሡ ላይ የሚፈርድ ሸንጎ ሲቆም ፌርፋክስም ከዳኞቹ አንዱ ተደርጎ ተሰየመ። ስሙ ሲጠራ የለም። ፊቷን የሸፈነች ሴት ከላይ ከሰገነቱ፣ «እዚህ ላለመገኘት የሚበቃ ብልሃት አለው!» ብላ ጮኸች። ሚስቱ ነበረች። ሸንጎው ፈረደ፤ የንጉሡ አንገት ተቆረጠ፤ ፌርፋክስ የለበትም።

«ጋሼ» አለች ብርቱካን የምትባል ተማሪ፣ «ጦሩ በእጁ ከነበረ ንጉሡን ለምን አላስጣለውም?»

«ኅሊናው አልፈቀደለትም። እጁን ከደሙ አወጣ።»

«እሱስ እጁን አወጣ፤ ንጉሡስ?»

«ንጉሡማ ጭንቅላቱን አወጣ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በየነ በሩን አየና «ጸጥታ!» ብሎ ጮኸ። የልጅቷን ጥያቄ ግን ዘሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደ። ፌርፋክስን ይወደው ነበር፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ብቻውን የቀረ ሰው ይወዳል።

ከጅረቱ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ያለው መሬት የግራዝማች ደመቀ ነው። ትምህርት ቤቱም የቆመው በእሱ መሬት ላይ ነው፤ ይህንንም በየበዓሉ ያስታውሳል። በዚያ ዓመት፣ በስድሳ አንድ፣ ግራዝማች እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ሊገባ ተነሣ። የምርጫ ምልክቱን በሬ አድርጎ፣ ሰፈሩን በጠጅ አጠበው። በየነንም አስጠራው።

«ንግግሬን አንተ ትጽፈዋለህ። የሕዝብ ፍቅር ይኑርበት፤ ልማት ይኑርበት። ከእንግሊዝም ትንሽ ጣል አድርግበት።»

«ከእንግሊዝ ምኑን፣ ጌታዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ደስ የሚለውን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳይሬክተሩ ወደ ጅማ ሊዛወር ነው። ወንበሩ ላይ ማን የሚቀመጥ ይመስልሃል? የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ በየነን ቅዱስ ማድረግ አያስፈልግም። ወንበሩን ፈልጎታል። መጻሕፍት የሚደረደሩበት ክፍል፣ ማንም «ዝለለው» የማይለው ምዕራፍ፣ ከገነት ላይ እንደሚወርድ ነገር ታየው። ያን ሳምንት ሽሮውን እያማሰለ ያወራ የነበረው ስለ ሕዝብ ፍቅርና ስለ ልማት ነበር።

የሚያጫውተው ያ አንድ ሰው ቱሉ ይባላል፤ የግራዝማች ጢሰኛ ነው። እሑድ እሑድ ወተት ይዞ ይመጣና ከክፍሉ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። «እስቲ የእንግሊዝ ገበሬ እንዴት ከረመ?» ይለዋል፣ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ይመስል። በየነ ከሰው አፍ ሳቅ የሚሰማው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። የቱሉ ማሳ ከአውቶቡሱ መንገድ ጋር ይዋሰናል፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ከመርካቶ የሚመጡ ነጋዴዎች ቦታ በሜትር መግዛት ጀምረዋል። ግራዝማች ልቀቅ አለው። ቱሉ «አባቴ የመነጠረውን ወዴት ልልቀቅ?» አለ። ምርጫ ደርሶ ጢሰኛ በጉልበት ማባረር ደግሞ አያምርም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በየነ ለሽንት ወደ ባሕር ዛፉ ወጣ አለ። ከቱሉ ማሳ ጥግ ባለው የግራዝማች የገለባ ክምር ሥር አንድ ሰው አጎንብሶ እፍ እፍ ይላል። ቀና ሲል አየው፤ የግራዝማች ወኪል ነው። እጁን በጋቢው ጠርጎ ቁልቁል ገሰገሰ። ወዲያው ጭሱ ተነሣ። የተቃጠለው የአምና ገለባ ነው፤ ከብት እንኳ አፍንጫውን የሚያዞርበት። ቀትር ሳይሆን ግን «ቱሉ የጌታውን ክምር አቃጠለ» ተባለ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ግራዝማች አውጫጭኝ አስጠራ። አውጫጭኝ በሕግ ቀርቷል ይባል ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ እስከ ኮልፌ ፌርማታ ቀርቶ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለኬራንዮ የነገራት የለም። የሰፈሩ አባወራ፣ ቤት ያላት ባልቴት፣ ተከራይም ጭምር አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሽማግሎች አንድ ባንድ ወደ ዛፍ ሥር ጠርተው ያስምላሉ። የሚያውቅ ሰው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም።

በየነ አልሄደም። በሩን ከውስጥ ቆልፎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። በሐሰት አይመሰክርም፤ በእውነትም መስክሮ ወንበሩን አያጣም። ስሙ ሲጠራ አይኖርም፣ በቃ። ቢቀጡት ይከፍላል። እንደ ፌርፋክስ እጁን ያወጣ መሰለው።

መጽሐፍ ሲያሳስት እንዲህ ነው። የለንደን ሸንጎ አንድ ሰው ቢጎድልበት ሥራውን ይቀጥላል። አውጫጭኝ ግን ሰው ከጎደለ አይዘጋም። እሱ ጥላ ውስጥ ኅሊናውን ሲያሻሽ፣ ኬራንዮ በሙሉ ሜዳ ላይ አድሮ በማግሥቱም ፀሐይ ላይ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ በሩ በዱላ ተደበደበ።

«በየነ! አንተ በየነ! እንዳለህ አውቃለሁ፤ የላምባህ ሽታ ይሰማኛል!»

ከፈተ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። ፊታቸው ተለብልቧል፤ ነጠላቸው አፈር መስሏል።

«እትዬ ወለተጻድቅ! ለቀቋችሁ እንዴ?»

«ማን ይለቀናል፣ አንተ ጠፍተህ! ባለሱቁን ጀይሉን ዋስ ጠርቼ ነው የወጣሁ። ላሞቹ ሳይታለቡ ጡታቸው ተወጥሯል፣ አራስ ሴት ሜዳ ላይ አድራለች፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኔ በዚህ ነገር እጄን ማስገባት አልፈልግም። ኅሊናዬ አይ...»

«ኅሊናህንም ይዘኸው ና! እኛ እንደ በርበሬ ተሰጥተን አንተ ጥላ ሥር ትጸድቃለህ?»

በየነ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ጎንበስ እንዳለ፣ «ምን እየተባለ ነው?» አላቸው።

«ምን ይባላል! ወፎቹ ሁሉ ቱሉ፣ ቱሉ እያሉ ይንጫጫሉ። የማንን ጥሬ ለቅመው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።» የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር አዩት። ድምፃቸው ወረደ። «ወይኔ ልጄ። አውቀህ ነው የተቀመጥከው?»

ማሰሪያውን ቋጥሮ ተነሣ። ተከትሏቸው ወጣ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጀይሉ ከመሬት ሳይነሳ፣ «መጣህ፣ ሙሽራው? ሠርጉ ያላንተ አልሆን ብሎን ነው!» አለ። የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ያየው ግራዝማችን አይደለም፤ በየነን ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ የዘረጋቸውን ሰው ትተው አንድ ሌሊት ያሳደራቸውን ጠሉ። ሕዝብ እንዲህ ነው፤ የሚጠላውን የሚመርጠው በሚችለው ልክ ነው።

ቱሉ ከሰዉ ተለይቶ ተቀምጧል። እንዳያመልጥ የጋቢው ጫፍ ከሌላ ሰው ጋቢ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። ያ ሌላ ሰው ወኪሉ ነው። ቱሉ በየነን ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ።

ሜዳው ላይ ያለችው አንዲት ወንበር የግራዝማች ናት። «መምህር!» አለ ከወንበሩ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ። «ንግግሩ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«አሳምረህ ጨርሰው እንግዲህ።»

ዛፉ ሥር ሦስት ሽማግሎች አሉ፤ ሦስቱም የግራዝማች ጠጅ ከጢማቸው ያልደረቀ። ጃንሆይ ይሙቱ አስባሉት። ማለ።

«ወፍ ምን ነገረችህ?»

በየነ «ወፍ ወኪሉ ነው አለችኝ» ሊል ይችል ነበር። ግን ያቺ አንዲት ወፍ በስንቱ ወፍ መሐል ምን ትሆናለች? ሐሰተኛ ወፍ ይሏታል፣ ያበቃል። ስም የሌለው ቃል ለመጣል ይቀላል፤ ለዚህም ነው የተፈለገው።

«ወፍ አልነገረችኝም» አለ።

ሽማግሎቹ ተነፈሱ። «እንግዲያ አላውቅም በልና ጨርስ።»

«አውቃለሁ። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ሥርዓቱ አይደለም፣ አንተ ሰው! ወፍ በል!»

«ክንፍ የለኝም። በየነ ነኝ።» ከዛፉ ሥር ወጣና ወደ ሜዳው ዞረ። «እሳቱን የለኮሰው ቱሉ አይደለም! ከቱሉ ጋር የተቋጠረው ሰውዬ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ወኪሉ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ቋጠሮውን በሁለት እጁ ይታገል ጀመር። እንቢ አለው። ሲጎትት ቱሉም አብሮ ይጎተታል።

«ቀስ በል፣ ጋቢው ይቀደድብሃል!» አለ ጀይሉ። አሁን ሜዳው ሁሉ ሳቀ።

በየነ ከሳቁ በኋላ ሌላ ድምፅ ጠበቀ። በዚያ ጎህ ወኪሉ ሲገሰግስ ያየ ሌላ ሰው መቼም አይጠፋም፤ እረኛ አለ፣ ውኃ ቀጂ አለ። «እኔም አይቻለሁ» የሚል አንድ ሰው ጠበቀ። ሳቁ በረደ። ሰው አፈሩን ማየት ጀመረ።

ግራዝማች ሞኝ አልነበረም። ሜዳው ላይ ያለው ድምፅ ሰጪ ነው፣ ድምፅ ሰጪው ስቋል። ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

«ወገኖቼ! ለገለባ ብለን ሰው አናሥርም። ቱሉን ምሬዋለሁ!»

ቋጠሮው ተፈታ። ቱሉ ሄዶ የግራዝማችን ጉልበት ሳመ። በየነ «ምንም ያላደረገ ሰው ምኑን ይማራል?» ብሎ ጮኸ። ጮኸ እንጂ አልተሰማም፤ እልልታው ይበልጥ ነበር። ወደ ቤት መሄድ ተፈቅዷላ።

ግራዝማች ተመረጠ። የዳይሬክተሩ ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዓመት ሳይሞላም «ይሄ ሰው ለልጆች የንጉሥ አንገት መቁረጥ ያስተምራል» የሚል ወሬ ተነሣ። እውነትም ስለነበር በየነ የሚክድበት መንገድ አልነበረውም፤ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። አስኮ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት በግማሽ ደመወዝ ሒሳብ እንዲያስተምር ተቀበለው። ታሪክ አይነካም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከቤታቸው አላስወጡትም፤ «ድምፅህን ብቻ ቀንስልኝ፣ ልጄ» አሉት። ቀነሰ። ቆይቶም ጨርሶ ተወው፤ ከግድግዳው ወዲያ ሽሮው ሲንተከተክ ብቻ ይሰማ ጀመር።

እሑድ መጣ፤ ቱሉ አልመጣም። ሌላም እሑድ መጣ። ወተቱ በልጁ እጅ ተላከ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ቱሉ ማሳው ላይ ነው። ዘንድሮም አርሷል። ምሕረት የተደረገለት ሰው ግን የማረውን ጌታ ማስቀየም አይችልም።

አንድ ቀን ከአስኮ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ ቱሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል የጫኑ አህዮች ይነዳል። ወደ ኋላውም ወደ ፊቱም አየና ቆመ።

«መምህር፣ አትቀየመኝ። ሰላም ስልህ ወኪሉ ያያል። መሬቴ በእሱ አንድ ቃል ላይ ነው።»

«አልቀየምህም። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። በል እለፍ። እለፍ አሁን።»

በየነ አለፈ። ከዚያ ወዲህ አህዮቹን ገና ከሩቅ ሲያይ፣ ቱሉ ፊቱን ከሚያዞር እኔ ልቅደመው ይልና ወደ ቦዩ ወርዶ፣ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። አህዮቹ ያልፋሉ። የቱሉ እርምጃ አንዳንዴ ከኋላው ዘገየት ይልና እንደገና ይቀጥላል።