ዘፈን የሚወድ ፈረስ
በደርግ ዘመን ነው፤ እኔና ጋሽ ሽፈራው የመንገደኞች መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ እንሠራ ነበር። አምስተርዳም ስንደርስ ለከሰዓት ፈቃድ ሰጡን። እኔ በጀልባ እንዙር ብል፣ ጋሽ ሽፈራው "ከውሃ ወርደን ተመልሰን ውሃ ላይ?" ብለው የፈረስ ጋሪ መረጡ።

ገና ከመቀመጣቸው ደስ ብሏቸው ዘፈን አወጡ። እኔ "ሆ" ብዬ ስቀበል ፈረሱ ቀጥ አለ። ባለጋሪው እንደምንም አስነሳው። ደግሜ "ሆ" ስል የትራም ሐዲድ ላይ ተገተረ፤ ከኋላችን ትራሙ ደወሉን ያንቃጭላል።

"ቆሞ እያዳመጠን እኮ ነው፤ ደህና አድርገህ ተቀበል እንጂ" አሉኝ ጋሽ ሽፈራው።

ባለጋሪው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ "እኛ አገር ፈረስ የሚቆመው 'ሆ' ሲባል ነው" አለን።

ወደብ ስንደርስ መርከባችን ገመዷን ፈትታ ፈቀቅ ብላለች። ጋሽ ሽፈራው እየሮጡ፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ "ሆ!" አሏት።

መርከቧ ሆላንድኛ አትሰማም።