«ፕሮግራም አለኝ» ያሉን የሬኮው አባት

ቅዳሜ ጠዋት መምህር መተኛት ነበረበት። እኔ ግን ጉልበቴን እያሻሸሁ ከዲላ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት የሬኮ ቀበሌዋን መሠረትን ካላገባሁ ብሎ ምግብ ከተወ ሰነበተ። አባቷን አቶ ጅግሶን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከንባቸው፣ ሁለቴም «ዛሬ ፕሮግራም አለኝ» ብለው ሸኝተውናል። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ፕሮቴስታንት፤ በትህትና እምቢ ማለታቸው ነው አልን። ሽማግሌ ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ አይመላለስም። ይኼ የመጨረሻችን ነው።

መንገድ ላይ

ከጎረቤታችን ከጋሽ ወርቁ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። እሳቸው ለሽምግልና ብለው ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ያ ቃል መንገዱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ለተራ አስከባሪው ፕሮግራም የመኪና ተራ ነው። አጠገቤ ለነበረችው ተማሪ የምረቃ ድግስ ነው። ይርጋ ጨፌ ሻይ ስንጠይቅ መብራት የለም፤ አስተናጋጇ «ዛሬ የኛ ሰፈር ፕሮግራም ነው» ብላ ለብ ያለ ሻይ ሰጠችን። ጨለለቅቱ ስንደርስ ቆጮ በጎመን በላን። ወደ ሬኮ የወሰደን ሞተረኛ ከታሪፉ እጥፍ አስከፈለን፤ ቸርች ፕሮግራም ስላለው እንደሚቸኩል ነግሮን በዚያ ጭቃ ላይ በረረ። ወገቤን አላውቀውም።

ሬኮ

አቶ ጅግሶ ደጃቸው ላይ ቡና በሽቦ ማስጫ አልጋዎች ላይ አስጥተዋል። ጋሽ ወርቁ ተነስተው የመጣንበትን ተናገሩ። ሰውየው አቀርቅረው ሰሙና «እኔ እኮ ዛሬም...» ሲሉ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ አለ።

እዚህ አገር የተሰጣ ቡና ዝናብ ሲመጣበት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንኳ ይነሳል፤ ጎረቤት ሳይጠራ ይሮጣል። እኛም ሮጥን። ላስቲክ እየጎተትን ሸፈንን፤ ለመጨረሻው አልጋ ግን አልበቃም። ጋሽ ወርቁ ያን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈው ቡናውን አለበሱት።

ሲያባራ አቶ ጅግሶ ጋቢውን አንስተው ጨመቁት። ቡናው ርሷል። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ጋቢ ውሃ ይጠጣል እንጂ መች ይከለክላል! ወይ የከተማ ሰው!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «እኔ የፈራሁት፣ ልጄን ወስዳችሁ ቸርችሽን ተይ እንዳትሏት ነው።»

ጋሽ ወርቁ ጋቢያቸውን ተቀበሉ። ሰንበት ቅዳሴ የማይቀሩ ሰው ናቸው።

«አንላትም» አሉ።

«እንግዲያው ለሠርጉ ፕሮግራም ያዙ።»

መልስ

ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ወርቁ በእርጥብ ጋቢያቸው እየተንቀጠቀጡ አንቀላፉ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰውየው ያንን ቃል ሲሉ ምን እንደፈሩ አንዴ ብንጠይቃቸው ኖሮ ይኼ ሁሉ መንገድ ይቀርልን ነበር። እኛ ግን ሁለቴም ኩራታችንን ይዘን ተመልሰን ነበር።

ዳዊት ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቀናል። ምን አሉ አለኝ። ድካሙ አፌን አስሮት «ፕሮግራም...» ብዬ ትንፋሽ ስወስድ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያዙ ብለዋል» አልኩት።

ባጃጁን ተደግፎ አለቀሰ።