የተቆለፈው ሽንት ቤትና የደብረወርቅ ልጅ

ደብረወርቅን «ልጅ ማሳደግ የማታውቅ» ብለው አሟት። ይህን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው። አሥር ዓመት ጎረቤቷ ነኝ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቁሐር ሚካኤል ወረታ በባጃጅ እየተመላለሰች፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ሩዝ ስታበጥር የምትውለው ለማን ሆነና ነው? ለማርያማዊት ነው። ሌላ ልጅ የላትም። እሷ ራሷ ፊደል ሳትቆጥር ቀርታለች፤ «ልጄ ተምራ ካየሁ ይበቃኛል» ትላለች ሁልጊዜ።

ማርያማዊት መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ጥቅምት ሳያልቅ ጠባይዋ ሌላ ሆነ። ትነክሳለች፣ ትማታለች፣ የሰው ደብተር ትቀድዳለች። እንቅልፍ የላትም፤ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ብሎ ብሎ ልብሷን ማበላሸት ጀመረች። ልጆቹ አፍንጫቸውን እየያዙ «ሸተተች! ሸተተች!» ሲሏት እሷ በቡጢ ትላቸዋለች። መምህሯ ከኋላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምኑ ይተኛል? አንዱ «ዓይን በልቷት ነው» ይላል፣ ሌላው «አባት የሌለው ልጅ እንዲህ ነው» ይላል። አፋችሁ ይቆረጥ!

ደብረወርቅን ሀፍረት ገደላት። ልጅቱ ትምህርት ቤት ልብሷን እንዳታበላሽ ብላ ጠዋት ቁርስም ውሃም ከለከለቻት። «ባዶ ሆድ ምን ያወጣል?» አለችኝ። ማታ ስትመለስ ከመፈልፈያው ቤት ያመጣችውን ነጭ ሩዝ ትቀቅልላታለች፤ ያው ነው ምግቧ። እኔስ ብሆን? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ደግ አድርገሻል» ብያታለሁ።

ኅዳር ሲገባ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ዓርብ በወላጆች ስብሰባ የልጅቱ ጉዳይ ይታያል፣ ጠባይዋ ካልታረመ ከትምህርት ትሰናበታለች ይላል። ደብረወርቅ ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ያዘችው።

ሐሙስ ሥራዋን ትታ ልጅቱን ወረታ ለሐኪም ወሰደቻት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ያስሚን የምትባል ነርስ፣ እዚያው ወረታ የነጋዴ ልጅ ናት፣ የማርያማዊትን ሆድ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። ከዚያ ደብረወርቅን «እጅሽን አምጭ» ብላ በግራ በኩል አስነካቻት። ድንጋይ ነው።

«ልጅሽ ባለጌ አይደለችም» አለች ያስሚን። «ሆዷ ደርቆ ነው። ስትይዝ ስትይዝ ተጠራቅሞ መውጫ አጣ፤ ፈሳሹ በጎን እያመለጠ ልብሷን ያበላሻል፣ እሷ አታውቀውም። ሆድና አንጎል ቀኑን ሙሉ መልእክት ሲለዋወጡ ነው የሚውሉት። ሆዱ እንዲህ የሆነ ልጅ አይተኛም፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርትም አይገባውም። አንች ብትሆኝ አትናከሽም?»

ወደ ልጅቱ ዞረች። «ማርያማዊት፣ ትምህርት ቤት ስትሆኝ ለምን ሽንት ቤት አትሄጅም?»

«ተቆልፏል» አለች ልጅቱ። «የእንግዳ ነው።»

«ሜዳስ?»

«ውሃ ነው። ወንዶቹም ያያሉ።»

እስቲ ይታያችሁ! የእኛን የፎገራ ሜዳ በመስከረም፣ ውሃ ሲተኛበት፣ የማያውቅ ካለ ይጠይቀኝ፤ ግቢውን አልፎ አንድ እርምጃ ደረቅ መሬት የለም። ያ ሽንት ቤት ከተሠራ ሁለት ዓመቱ ነው። ግድግዳው ቀለም የተቀባ፣ በሩ ላይ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት። ልጆች ያቆሽሹታል ተብሎ ከወረዳ ሰው ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ለማን ነው ታዲያ የተሠራው፣ ለጓጉንቸሩ? እኛ ወላጅ ተብየዎችም በአጠገቡ ስናልፍ «እንዴት ያምራል!» እያልን ነው የኖርነው። በራሴም ተናደድኩ።

ያስሚን የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሰጠቻት። ውሃና ቁርስ እንዳይከለከል፣ ጎመንና ፓፓያ እንዲጨመር፣ ከምግብ በኋላ ልጅቱ ሽንት ቤት ረጋ ብላ እንድትቀመጥ አስጠነቀቀች። «ትምህርት ቤት የምትቀመጥበት ሽንት ቤት ካጣች ግን ተመልሶ ይመጣል» አለች።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ የማርያማዊትን ጥፋት በወላጅ ሁሉ ፊት አነበበው። ሲጨርስ ደብረወርቅ ተነሣች። ከዚያ ያስሚን ያለችውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ቁርስ መከልከሏንም አልደበቀች። «የእኔ ጥፋት ይህ ነው» አለች። «የእናንተስ?»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ። ፈገግ! «እህቴ፣ የምንወያየው ስለ ልጅቱ ጠባይ ነው፤ ስለ ሽንት ቤት አይደለም።»

እሷ እሱን ትታ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ቄስ ሰውመሆን ዞረች። «አባታችን፣ እርስዎ እዚህ ሲመጡ ይከፈትልዎታል?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። «ይከፈትልኛል» አሉ። «ዛሬም ተከፍቶልኛል።»

«ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ የት ትሂድ?»

ቄስ ሰውመሆን ተነሥተው ለርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣው።»

«አባታችን፣ ያቆሽሹታል እኮ!»

«ይታጠባል» አሉ።

ራሳቸው ሄደው ከፈቱት። ደብረወርቅ ልጇን ከክፍል አውጥታ አስገባቻት፣ በሩንም ዘጋችላት። እኔ ውጭ ቆሜ ዞር ስል ልጆች ተሰልፈዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ከፊት የቆመችው፣ የማርያማዊት መምህር «ጨዋ ማለት እንደሷ ነው» እያለች የምታሞግሳት ልጅ ናት፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቶሎ ውጭ በያት» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ይዣለሁ።»