ለውሃ ልክ የተፈረመች ወረቀት

መሥሪያ ቤቱ ለሟቹ ኢንጂነር የመታሰቢያ ፕሮግራም እንዳዘጋጀ፣ የሕይወት ታሪኩንም የሚያነቡት የቀድሞው ዋና ሥራ አስኪያጅ እንደሆኑ በስልክ ሲነገራት ሚስቱ እስክሪብቶና ወረቀት ሳበች። ከዚያ «ደስ ይለኛል፤ ታሪኩን እኔው ታይፕ አድርጌ አመጣለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። እንዲህ ደስ ካላት አሥራ ስድስት ዓመት አልፏታል።

ባሏን ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ጠማማ ነገር አይወድም። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ የግድግዳውን ፎቶ ሳያቃና አይቀመጥም። የትልቋን ልጁን ፀጉር ጠዋት ጠዋት የሚያበጥረው እሱ ሲሆን፣ መሐል ለመሐል የሚከፍላት መስመር ከመቅናቱ የተነሳ አስተማሪዋ «ይህን መንገድ ማን ቀየሰው?» ብላ ስቃለች። የልጆቹን ቁመት በየልደታቸው በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ያሰምርና ከጎኑ ማስታወሻ ይጽፋል፤ «ተንጠራርቷል፤ እንደገና ይለካ» የሚል ዛሬም አለ። ሦስተኛው ልጅ የተወለደ ጊዜ የሕፃኑን ጨርቅ ሁሉ አጥቦ ያሰጣው እሱ ነበር፤ ያውም በየመሐሉ እኩል ክፍተት እየተወ። ጎረቤቶች ሳቁበት። ሚስቱ ግን ያን ገመድ በመስኮት እያየች፣ ሌላ ወንድ ባገባ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር አለች።

እሷ እዚያው መሥሪያ ቤት የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበረች። ሰውዬው ወረቀት አያነቡም። ጸሐፊዋ አቃፊውን ገልጣ ታቀርባለች፣ በጣቷ ቦታውን ታሳያለች፣ እሳቸው በስልክ እያወሩ ይፈርማሉ። ሠራተኛው ከኋላቸው «አቶ ይፈረም» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ለሚሠራው የወንዝ ድልድይ ብረት የሚያቀርበው ነጋዴ፣ ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትሩ ፌሮ ስለጠፋ ቀጭኑ ባለ አሥራ ሁለቱ ይፈቀድልኝ ብሎ ጻፈ። አቶ ይፈረም ፈረሙ።

ቀጭኑ ብረት ታስሮ አርማታው ሊሞላ ሲል ውሃ ልክ ደረሰ። በኪሱ ባለችው መለኪያ ብረቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ ሄዶ አርማታ የሚያቦካውን የቤቶኔራ ሞተር በገዛ እጁ አጠፋ። «በዚህ ድልድይ ላይ የእኔም ልጆች ይሻገራሉ» አለ። ብረቱ ተፈትቶ በወፍራሙ እስኪተካ ሥራው ሦስት ወር ዘገየ። ከበላይ «ቀጭኑን ማን ፈቀደ?» ሲባል፣ አቶ ይፈረም ዓይናቸውን ሳያሹ «ኢንጂነሩ ነው የፈቀደው» አሉ። ውሃ ልክ ከመስክ ተነስቶ ንብረት ክፍል ገባ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለዘጠኝ ዓመት አሮጌ ቧንቧ ሲቆጥር ኖረ። የዝውውሩን ደብዳቤ ታይፕ ያደረገችው ሚስቱ ናት። እጇ አንድ ፊደል አልሳተም። ድልድዩ ሲመረቅ ደግሞ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የአቶ ይፈረም ስም ሆነ።

እሷ ግን ፈቃድ የሰጡበትን የዚያን ወረቀት የካርቦን ቅጂ ቤቷ ከአንሶላዎቹ ሥር ደብቃ ነበር። አወጣዋለሁ ባለች ቁጥር ባሏ ይከለክላታል።

«አንቺም ከሥራ ትወጫለሽ። መጀመሪያ ልጆቹ ትምህርታቸውን ይጨርሱ።»

ልጆቹ ጨረሱ። «አሁንስ?» አለችው።

«ድልድዩ ቆሟል አይደል? ተይው በቃ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«እኔ መች ልጸልይ አልኩህ?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን ተወግቶም ረሳ፣ ወይም የረሳ መሰለ። በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ ከሥራ ሲመለስ እንደ መስክ ዘመኑ መታጠቢያው ጋ ቆሞ፣ ሲሚንቶ ያልነካውን ጥፍሩን በብሩሽ ሲፈትግ ታየው ነበር። አቶ ይፈረምን ይቅር ልትል የምትቃጣበት ቀን ቢኖር እንኳ ያ ብሩሽ ትዝ ይላትና ጥርሷን ትነክሳለች።

ባለፈው ወር፣ የልጅ ልጁን የብስክሌት ሰንሰለት እያስገባ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሰንሰለቱ ገብቶ ነበር።

በፕሮግራሙ ቀን አዳራሹ በሾፌሮች፣ በግንበኞችና በቀያሾች ሞላ። አቶ ይፈረም ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ከረባታቸው ደምቆ ከፊት ተቀምጠው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ያወራሉ። እሷ እንደ ጥንቱ አረንጓዴ አቃፊ ይዛ ቀረበች።

«ለሟቹ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሁለት ቅጂ ነው፤ ሦስተኛው የሚያነቡት ታሪክ ነው። እዚህ ጋ ጌታዬ፣ እዚህም፣ እዚህም።»

ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሦስቱንም ፈረሙ። «ጎበዝ! ዛሬም እንደ ድሮሽ ነሽ» አሏት።

«እርስዎም ጌታዬ።»

መድረክ ላይ ወጥተው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ጀመሩ። የፀጉሩ መስመር ላይ ሲደርሱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ የበሩ መቃን ላይ ሲደርሱ ልጆቹ አለቀሱ። እሳቸውም ታሪኩ ስላማራቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ውሃ ልክ ድልድዩን በቀጭን ብረት ከመሠራት አዳነ። ቀጭኑን ብረት የፈቀዱት ግን ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ ወረቀቱን ሳያነቡ . . .»

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ፎርማን «አቋረጡብን እኮ!» አለ።

እሷ ከፊት ወንበር ላይ ነች። ከቦርሳዋ ሰማያዊውን የካርቦን ቅጂ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከመድረኩ እስከ ወንበሯ አራት እርምጃ ነው፤ ሰውዬው የገዛ ፊርማቸውን አላጡትም።

«ይቀጥሉ ጌታዬ» አለች፤ «ፈርመውበታል።»

አነበቡ። ምን ያድርጉ? ድምፃቸው እየከሳ፣ ነገሩን በኢንጂነሩ ማላከካቸውን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ ቧንቧውን፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም አነበቡ። «አልተሰማም!» ሲሉ ሾፌሮቹ ጮኹ። እሷ አሁን ያሳዝነኛል ብላ ጠበቀች። አላሳዘናትም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የመጨረሻዋን መስመር ግን ማንም «አልተሰማም» ሳይላቸው ጸጥ ባለው አዳራሽ ሁሉም ሰማት፦ «ይህን ያነበብኩት የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስኪያጅ እኔ ራሴ ነኝ፤ እውነት ለመሆኑም ፊርማዬ ይኸውና።»

ተነስታ ሄደችና በትሕትና እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቱን ይስጡኝ ጌታዬ» አለች። «ፋይል ይደረጋል።»