የደበሌ ጫጩቶችና ኦርጋኒኩ ዚንክ

ደበሌ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ትምህርቱን ግን የሚማረው ከኋላ ወንበር ነው። እስካሁን ሕግና የጥርስ ሕክምና ጨርሷል። ሰሞኑን ደግሞ ከመናኸሪያ የጫናቸው ሁለት ባለሙያዎች ስለ ጫጩት መኖ ሲሟገቱ፣ ወሬው እንዳይቋረጥበት አደባባዩን እንደ ሙሽራ መኪና ሲዞረው ቆየና ከሐይቁ ዳር ወዳለው ቤቱ የዶሮ ሊቅ ሆኖ ገባ።

«ሐዳሳ፣ መኖ ውስጥ የሚገባው ዚንክ ሁለት ዓይነት ነው!» አላት ሚስቱን፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። «አንዱ እንደ ጨው ደረቁን የሚሰጥ፣ ኢኦርጋኒክ። ሌላው ከፕሮቲን ጋር ተቆራኝቶ የሚሰጥ፣ ኦርጋኒክ። ደረቁ ገብቶ ይወጣል፤ ኦርጋኒኩ ግን አንዴ ከገባ አጥንት ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል!»

«የኔዎቹ ዶሮዎች በደረቁ ነው ያደጉት። ምን ጎደላቸው?»

«ቁመና!»

ተወራረዱ። የዶሮ ቤቱ በሽቦ ተከፈለ፤ በቀኝ የደበሌ ኦርጋኒኮች፣ በግራ የሐዳሳ ደረቆች። በሚዛን የተሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ኩስ ይጠርጋል። ደበሌ ኩስ ከሚጠርግ ሐይቁን በጭልፋ ቀድቶ ቢጨርስ ይመርጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጫጩቶቹን «በርቱ፣ አታዋርዱኝ!» ሲል፣ ቀን ቀን ደግሞ ለተሳፋሪው «እግራቸው የዚያን የሐይቁን ረጅም ወፍ፣ የአባ ኮዳን አክሏል፤ በቅርቡ ባጃጅ ይገፉልኛል» ሲል ከረመ።

የምዘናው ቀን ዳኛ ሆነው የመጡት ጎረቤታቸው ዓሣ ነጋዴው ጋሽ አብዱልሃሚድ ናቸው፤ ሚዛን ያላቸው እሳቸው ናቸዋ። ገና ብቅ ሲሉ ኦርጋኒኩም ደረቁም በሽቦው ሥር ሾልኮ ወጣና ቦት ጫማቸውን ከበበ።

«ጋሼ፣ ይተዋወቃሉ እንዴ?» አለ ደበሌ።

«እንዴት አንተዋወቅ! በየቀኑ በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ የዓሣ አጥንቴን የሚለቅሙት እነማን ሆኑና? ለጉርብትና ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ግቢዬን ኩስ በኩስ አድርገውታል!»

ለወጉ ያህል ተመዘኑ። ቀኙም ግራውም እኩል ወፍሯል።

ደበሌ ሚዛኑን ገልብጦ አየው። ወዲያው ግን ፊቱ በራ፦ «ዓሣ ነፍስ ነበረው አይደል? እንግዲያው አጥንቱም ኦርጋኒክ ነው! ሁሉንም ያወፈራቸው ኦርጋኒክ ነው፤ አሸነፍኩ!»

ጋሽ አብዱልሃሚድ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ፈርጃለሁ፣ አሸንፏል» አሉ።

«እኔም ተቀብያለሁ» አለች ሐዳሳ፣ መጥረጊያውን እያቀበለችው። «ደረቁ ምንም ካልሠራ ኩሱም ውስጥ የኔ ድርሻ የለበትም። ኦርጋኒክ ነው፣ ያንተ ነው። ከጋሼ ግቢ ጀምርልኝ፣ አሸናፊው!»

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ስለ ምግብ ማውራት ሲጀምር፣ ደበሌ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል።